ባዶ ማለፍ አይቻልም

ልጅቷ ከሰው ጋር ተጣልታ አታውቅም፤ ጥሏ ከኮምፒዩተር ጋር ነው። ያውም የየዕለት ጥል። ጠዋት ላፕቶፑን ትከፍትና "ዛሬ ደግሞ ምን ልትለኝ ነው?" ትለዋለች። እሱም አይምርም፣ ቀይ በቀይ አድርጎ ስህተቷን ይደረድርላታል። "አንጀቴን አሳረርከው እኮ! ትናንት ትሠራ አልነበር? ምን ነካህ?" ስትል የሰማች የግድግዳ ማዶ ጎረቤት፣ ልጅቷ በድብቅ ባል ያገባች መስሏት ለአክስቷ ሹክ ብላ ታውቃለች።

የኮምፒዩተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። አንደኛ ዓመት ላይ የቧንቧ ውሃ የሚመጣበትን ሰዓት የሚገምት ፕሮግራም ሠራች፤ ውሃው ግን ፕሮግራም አያነብም፣ ባሻው ሰዓት መጣ። ሁለተኛ ዓመት ላይ የአውቶቡስ መምጫ የሚናገር ሠራች። እሱ ሁለት ተጠቃሚ ነበረው፤ አንዷ ራሷ፣ ሌላዋ አክስቷ። አክስቷም የጫነችው ልጅቷን ደስ እንዲላት ብላ እንጂ ወደ ሥራ የምትሄደው በእግሯ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ካናደዳት ለምን አትተወውም የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ፍቅር አያውቅም። መቶ ጊዜ ቀይ አይታ በመቶ አንደኛው አረንጓዴ ሲመጣላት፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻዋን እያጨበጨበች ስትዘል ያላያት ሰው ምን ያውቃል?

በመጨረሻው ዓመት ግን ጨዋታ የለም። አማካሪ መምህሯ ገና በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነገሯት።

"በገዛ ላፕቶፑ ላይ ፕሮግራሙ የማይሠራለት ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም" አሉ። "እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ ሥራ ላይ፣ አንድ ወር ሙሉ ሳይቋረጥ ይጠቀምበት። ያለዚያ አሻንጉሊት ነው። በአሻንጉሊት ደግሞ አላስመርቅም።"

እውነተኛ ሰው ከየት ይመጣል? ከቤት። አክስቷ፣ የልጅቷ እናት ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት ናት፤ የምትሠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ካርድ ክፍል ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ስለቆየችበት የራሷን ስም የሚያውቅ የለም፤ ትልቅ ትንሹ "እትዬ ካርድ" ነው የሚላት። ክፍሉ እስከ ጣሪያ በመደርደሪያ የተሞላ ነው። አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የተነጠፈ ያረጀ ትራስ፣ አንድ ማህተም፣ አንድ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው የመስታወት መስኮት። እትዬ ካርድ የሰውን ሳል ሰምታ ካርዱን ታወጣለች ይባላል። ይህ ማጋነን ነው፤ ስሙን ግን ሳይጨርስ ታወጣለች።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ለነገር ሁሉ ፊርማ የሚወዱ ሰው ናቸው። "በዚህ ፕሮግራም ችግር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል?" አሉ።

"እኔ" አለች እትዬ ካርድ፣ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት። "በእኔ ይሁንብዎ።" ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት የቀራት ሴት፣ የማታውቀው ነገር ላይ ፈረመች። ኃላፊውም ከተስማሙ በኋላ ቸኮሉ፤ የወረቀት ካርዱ ሁሉ በጆንያ ታጭቆ ወደ ግምጃ ቤት ይውረድ ብለው አዘዙ። ልጅቷ ያን ዕለት የአክስቷን ጉልበት አቅፋ ልትስም ምንም አልቀራት።

መከራው የተጀመረው በማግስቱ ነው።

"አክስቴ፣ ማውሱን አታንሺው፤ ጠረጴዛው ላይ ግፊው።"

"ጠረጴዛው አልቆብኝ ነው የማነሳው! ይኸው፣ ጫፉ ላይ ደረስኩ።"

"ወደ ኋላ መልሽው ታዲያ።"

"አሁን ከሄድኩ በኋላ?" አለችና ተናደደች። ወዲያው ደግሞ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ብልጭ አለ፦ *ስልክ ቁጥር ያስገቡ። ባዶ ማለፍ አይቻልም።* "ይሄ ደግሞ ምን ተሰማው? ምን አደረግኩት?"

ከመስኮቱ ውጭ ሰልፉ በሩን አልፎ ግቢ ደርሷል። "ኧረ እትዬ ካርድ! ድሮ እኮ ጫማዬን አይተሽ ካርዴን ታወጪልኝ ነበር!" ይላል አንዱ። "ራስ ሳይጠና ጉተና" ትላለች ሌላዋ፣ ለማን እንደሆነ ሳትናገር። ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ጥግ ላይ ተቀምጣ ኮድ ታርማለች፤ የጆሮ ማዳመጫዋን የሰካችውም ዘፈን ለመስማት ሳይሆን ሰልፉን ላለመስማት ነው። በዚያው ቀን አክስቷ ዞር ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቷም ዓይኗን ከኮዱ ሳታነሳ የሆነ ነገር መለሰችላት። ምን እንደመለሰች በማግስቱ ቢጠይቋት አታስታውስም ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ መንገድ ላይ እንባዋ መጣ። "አይሆንም፣ አክስቴ። አንድ ሰው ለመመዝገብ ሰባት ደቂቃ ይፈጅብሻል። በዚህ ዓይነት አልመረቅም" አለች። አክስቷ ክንዷን ብቻ ያዝ አደረገቻት።

ጉድ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ካርድ ቀልጠፍ አለች። ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ተኩል። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ሰልፉ አጠረ። ኃላፊው እንግዳ ሲመጣ መስኮቱ ጋ እያቆሙ "ይኸው፣ ሥራችንን አዘመንን" ማለት ጀመሩ። ልጅቷ በደስታ እንቅልፍ አጣች፤ "አላልኩሽም? ልምድ ነው እኮ!" እያለች አክስቷን ትስማለች። አክስቷም ትሳማለች።

ወሩ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ዕለት፣ ልጅቷ የመጨረሻውን ጌጥ ጨመረች። ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ ሰዎች ስለሚኖሩ እነሱን ፈልጎ አንድ የሚያደርግ ቁራጭ ኮድ ጻፈች። በምን ይለያል? ስም ይመሳሰላል፤ ዕድሜ በግምት ይነገራል፤ ስልክ ግን የአንድ ሰው ነው። ስልካቸው አንድ የሆነውን ሁሉ አንድ ሰው አድርገህ አዋሕድ፣ መረጃቸው ከተጋጨ የመጨረሻውን ያዝ አለችው። ቁልፉን ተጫነች። አረንጓዴ መጣ፦ *114 ድግግሞሽ ተገኝቶ ተዋሕዷል።*

መቶ አሥራ አራት! ብድግ ብላ አጨበጨበች። አርብ ለፈታኞቿ የምታሳየው ስላይድ ላይ ቁጥሩን ብቻውን፣ ትልቅ አድርጋ፣ መሃል ላይ አስቀመጠችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እሷ ግን ገና ማፍሰሷንም አላወቀች።

ረቡዕ ጠዋት ለስላይዱ ፎቶ ልታነሳ ጤና ጣቢያው ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ሳለች የሐኪሙ በር ተከፈተና የትምህርት ቤት ዘበኛው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ።

"ሰዎች፣ ስሙኝማ!" አሉ። "ግፊቴን ልለካ መጥቼ ስኳር አለብህ አለኝ፤ እሺ አልኩ። ቀጥሎ የእርግዝና ክትትልህ ሐሙስ ነው አለኝ! በስልሳ ስምንት ዓመቴ! ለባለቤቴ ማን ይንገርልኝ?"

ኮሪደሩ በሳቅ ፈነዳ። ሐኪሙም በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ "ካርድ ክፍል ቁጥር ተሳስተው ነው" አለ። ልጅቷ አልሳቀችም። ቁጥር ተሳስተው ከሆነ ስህተቱ የአክስቷ ነው፤ ካልሆነ ግን የማን እንደሆነ ታውቃለች።

ጥግ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ከፈተች። የዘበኛውን የካርድ ቁጥር ስታስገባ ፋይላቸው መጣ። አንድ ሰው፣ በአንድ ወር ውስጥ ሰባ አምስት ጊዜ ካርድ አውጥቶ ታክሟል። ስኳር አለበት፣ አስም አለበት፣ አርግዟል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሁለት ጊዜ የተለያየ እግሩ ተሰብሯል። በሌላ ሰው ቁጥር ገባች፤ ያው ፋይል መጣ። በሌላም፤ ያው። "ምን ይዋጠኝ!" አለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ኮዷን መስመር በመስመር አነበበችው። ኮዱ ልክ ነው፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ስልካቸው አንድ የሆኑ ሰዎችን አዋሕድ ተባለ፣ አዋሐደ። ታዲያ ሰባ አምስት ሰው እንዴት አንድ ስልክ ይኖረዋል? የፋይሉን የስልክ መስመር ደጋግማ አልፋዋለች፤ ዓይኗ የለመደው ቁጥር ስለሆነ አልቆመበትም ነበር። አሁን ግን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አሃዝ በአሃዝ አነበበችው።

የራሷ ስልክ ነው።

ወደ ካርድ ክፍል ስትገባ እግሯ መሬት አልነካም። "አክስቴ፣ የእኔን ቁጥር ለስንት ሰው ነው የሰጠሽው?"

እትዬ ካርድ መስኮቱን ዘጋች። "ስልክ ለሌለው ሁሉ" አለች።

"ለምን?!"

"ምን ላድርግ ታዲያ? አሮጊቷ ቆማ እየተንቀጠቀጠች፣ ይሄ ጉደኛሽ ባዶ አላልፍም ይለኛል። ስልክ የለሽምና አትታከሚም ልበላት? በቃሌ የማውቀው ቁጥር የአንቺን ብቻ ነው፤ እሱን ስሰጠው ዝም ይላል።"

"አትነግሪኝም? አትጠይቂኝም?" ልጅቷ ደሟ ፈላ። "የአራት ዓመት ልፋቴን እኮ ነው ገደል የከተትሽው!"

"ጠይቄሻለሁ!" አክስቷም ድምጿን ከፍ አደረገች። "በመጀመሪያው ቀን፣ እዚችው ወንበር ላይ ሆኜ፣ ስልክ የሌለው ሰው ቢመጣስ አልኩሽ። ያን ጆሮሽ ላይ የምትሰኪውን ሳታወልቂ፣ 'በዚህ ዘመን ስልክ የሌለው ሰው የለም' አልሽኝ።" ከዚያ ድምጿ ወረደ። "ቀዩ በመጣ ቁጥር አንቺን ፈተና ላይ የጣሉሽ ነበር የሚመስለኝ፣ ልጄ። መንገድ ላይ ካለቀስሽ በኋላማ ጭራሽ አልቻልኩም።"

ልጅቷ ተቀመጠች። እንዲያ ብላለች፤ አሁን ትዝ አላት። ከመዋሐዱ በፊት የነበረ ቅጂ አለኝ ብላ ፈለገች፤ ቦታ እንዳይፈጅ ብላ ራሷ በጻፈችው መስመር፣ አዲሱ ቅጂ በየማታው በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ሰኞ ማታ ተጽፎበታል፣ ማክሰኞም ተጽፎበታል። የተዋሐደውን መልሶ የሚነጣጥል ኮድ ደግሞ አልጻፈችም፤ ማን ይነጣጠል ይላል ብላ። ደውለው እንዳይጠይቋቸው፣ ሰባ አምስቱም ስልክ የሌላቸው ናቸው።

"ልብስ አጣቢዋ!" አለች እትዬ ካርድ ድንገት። "እሷም ስልክ የላትም፤ መርፌ የማይስማማት ናት። ካርዷ ላይ በቀይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ምን ይላል?"

ልጅቷ አየች። ከመጨረሻው ሰው የተወሰደው ነው ያለው፦ *የሚከለክለው መድኃኒት፦ የለም።*

"ለኃላፊው እንንገር" አለች ልጅቷ፣ ግን ድምጿ ደከም ያለ ነበር። መንገር ማለት ፕሮግራሙ ዛሬውኑ ይዘጋል ማለት ነው፤ ወሩ ሳይሞላ ተቋረጠ፣ ምርቃቱም ቀረ ማለት ነው። የፈረመችው ደግሞ አክስቷ ናት።

"አርብ ይለፍ" አለች እትዬ ካርድ። "አንቺ ፈተናሽን ጨርሺ። ልብስ አጣቢዋ የምትመጣው አርብ ነው፤ እኔ መስኮቱ ላይ እጠብቃታለሁ፣ በእጄ ይዤ ነው ለነርሷ የማስረክባት። ሰኞ አብረን እንናገራለን።"

"ሌሎቹስ?"

"የማውቀውን አውቃለሁ" አለች አክስቷ። ሁሉንም አውቃለሁ አላለችም። ልጅቷ ይህን ልብ ብላለች፤ ልብ እንዳላለች ግን ሆነች። እውነቱን ለመናገር፣ እፎይ ብላለች፤ እፎይ በማለቷም አፍራለች።

ሐሙስ ግምጃ ቤት ወርዳ ጆንያዎቹን መፍታት ጀመረች። ሃያ ሁለት ጆንያ፣ ካርዱ ሁሉ ያለ ተራ እንደ ገለባ የታጨቀ። አንዱን አንስታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ቁጥሩን አይታ፣ መልሳ ትጥላለች፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። እስከ ምሳ ሰዓት ከሰባ አምስቱ የዘጠኙን አገኘች። ከዚያ ሰዓቷን አየች፤ ነገ ፈተና ነው፣ ስላይዱ አላለቀም። እጇን ታጥባ ወደ ቤት ሄደች።

አርብ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል፤ አማካሪዋ፣ አንድ መነጽራም መምህር እና ከወረቀቷ ቀና የማትል አንዲት መምህርት። የአዳራሹ ኢንተርኔት እንደ ልማዱ አልሠራም። ፕሮግራሙን በቀጥታ ለማሳየት ልጅቷ ላፕቶፗን ከስልኳ ጋር አገናኝታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ተናገረች። አንደበቷ ተፈታላት። ሰባት ደቂቃው ወደ አንድ ተኩል እንደወረደ አሳየች። አማካሪዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸው ራሳቸውን ከነቀነቁ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ያ ስላይድ መጣ። መቶ አሥራ አራት።

"ግሩም ነው" አሉ መነጽራሙ። "አንድ ጥያቄ ብቻ። እነዚህ ሰዎች በእርግጥም አንድ ሰው መሆናቸውን እንዴት አረጋገጥሽ?"

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ስልኩ ጠራ።

የጤና ጣቢያው ቁጥር ነው። አክስቷ ናት ብላ፣ ልብስ አጣቢዋ መጣች ልትለኝ ነው ብላ፣ "ይቅርታ" አለችና አነሳችው።

"ሄሎ?" አለች አንዲት በድምፅ የማታውቃት ወጣት። "ከድንገተኛ ክፍል ነው የምደውለው። የታካሚዋ ቤተሰብ ነዎት?"

"የየትኛዋ ታካሚ?"

"አንዲት እናት መንገድ ላይ ወድቀው ሰዎች አሁን ይዘዋቸው መጡ። መናገር አልቻሉም። ኪሳቸው ውስጥ የቀጠሮ ወረቀት ነበር፤ ቁጥሩን ሳስገባ የወንድ ስም መጣ፣ ስሙን ካርድ ክፍል ተሳስተው ይሆናል ብዬ ወደ ስልኩ ደወልኩ። መርፌ ልወጋቸው ነው። ኮምፒዩተሩ የሚከለክላቸው መድኃኒት የለም ይላል፤ ዶክተሩ ግን ከቤተሰብ አረጋግጪ ብሎኝ ነው። እናትዎ ናቸው?"

ፈታኞቹ ያዩዋታል። ከጀርባዋ ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። መስመሩ መጥፎ እንደሆነ አስመስላ ብትዘጋውስ? ይህ ሐሳብ መጥቶባታል፤ አልመጣባትም ብል እዋሻለሁ። አክስቷ መስኮቱ ላይ ልብስ አጣቢዋን እየጠበቀች ነው፤ እኚህን እናት ግን ማንም አይጠብቃቸውም።

"አትውጊያቸው!" አለች። አዳራሹ እስኪያስተጋባ ነው የጮኸችው። "እዚያ የተጻፈውን እንዳታምኚ። እሱ የአንድ ሰው ፋይል አይደለም፣ የሰባ አምስት ሰው ነው። ሩጪና እትዬ ካርድን ጥሪያት፣ ፊታቸውን ትያቸው። ካላወቀቻቸው ምንም እንደማታውቁላቸው ሰው አድርጋችሁ አክሟቸው። ኮምፒዩተሩንም ዝጉት። ለኃላፊው ንገሯቸው፣ ጥፋቱ የካርድ ክፍሏ አይደለም፣ የእኔ ነው በሉ።"

"እሺ፣ እሺ..." ነርሷ ደነገጠች። ለሌላ ሰው የሆነ ነገር ስትጮህ፣ በሩጫ የሚሄድ የእግር ኮቴም ተሰማ። ከዚያ ተመለሰች። "ልከናል። ግን ማንን እንዳነጋገርኩ መመዝገብ አለብኝ። እዚህ ዝምድና የሚል ቦታ አለ፤ እርስዎ ምናቸው ነዎት?"

"ምናቸውም አይደለሁም።"

"እንደሱ ከሆነማ ቀይ ይልብኛል፤ ባዶ አያሳልፈኝም።"

"ፕሮግራሙን የጻፈችው ብለሽ ጻፊ።"

"ዝምድና እኮ ነው የሚለው።"

"ግድ የለም፣ ጻፊው" አለች ልጅቷ። "ባዶ ካልሆነ የሰጠሽውን ሁሉ ይቀበላል።"

ስልኩን ዘጋችና ወደ መነጽራሙ ዞረች። "እንዴት አረጋገጥሽ ብለውኝ ነበር" አለች። "አላረጋገጥኩም።" ከዚያ ስልኳን ኪሷ ከተተች፣ ላፕቶፑን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ገና ያልተፈቱ አሥራ አምስት ጆንያዎች አሉ።